ድንኳን ውስጥ ያነሳሁት እጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር ፀጉር ቤታችን በር ላይ የለጠፍኩት «ለቅሶ ስላለ ዛሬ ዝግ ነን» የሚለው ነው። አሁን የምጽፈውም ስለዚያ ለቅሶ ነው። በአፌ ብናገረው ይሻል ነበር፤ ግን ሰው ፊት ስቆም ጆሮዬ ይግላል፣ ላወራው ያሰብኩትም ይጠፋኛል።

ፀጉር ቤቱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አቀበቱ ላይ ነበር። ባለቤቷ ከደቡብ በትዳር የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። እትዬ እላቸው ነበር፤ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው። እኔ ፀጉር አጥባለሁ፣ እሠራለሁ። እናቴ ስትሞት አንድ ክፍል የቀበሌ ቤትና የእድር አባልነቷን ትታልኝ ስለነበር በዚያ የወጣትነት ዕድሜዬ በራሴ ስም የእድር አባል ነበርኩ። የሰፈሩ ሰው ይቀልድብኝ ነበር። «እሜቴ፣ ስብሰባ እንዳትቀሪ» ይለኛል።

ፀጉር ቤቱ ጥግ ላይ ቴሌቪዥን ነበረን። ቀኑን ሙሉ ክሊፕ ያሳያል። ዘፋኙ በመኪና ይመጣል፣ ልጅቷ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ፀጉሯን ታወዛውዛለች። እትዬ የፀጉር መተኮሻውን ፒያስትራ እንደያዙ ቀና ብለው ያዩና፣

«ዓይኗን ዘፈነው፣ ወገቧን ዘፈነው፣ ጥርሷን ዘፈነው። ምን ትያለሽ ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቃትም» ይላሉ።

«እትዬ ደግሞ! ዘፈን እኮ ነው» ትላለች ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችው ደንበኛ።

«እኔስ ምን አልኩ? ፍርድ ቤት ነው አልኩ?»

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደንበኛ ነበረችን። አንድ ቀን እየሳቀች «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ፌሚኒስት ነዎት» አለቻቸው። ስድብ መስሎኝ ደነገጥኩ። እትዬ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቋት።

«ሴት ከወንድ እኩል ናት የሚል ሰው ነው።»

«ታዲያ ለዚህ ስም ማውጣት ምን አስፈለገ?» አሉና የደንበኛዋን ፀጉር በቢጉዲን መጠቅለል ቀጠሉ።

በሴቶች ቀን ቀበሌ አዳራሽ እንጠራ ነበር። ቲሸርትና ኮፍያ ይሰጡናል፣ መብታችን በሕገ መንግሥት መረጋገጡን ይነግሩናል፣ እናጨበጭባለን፣ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። እትዬ ቲሸርቱን ፀጉር ሲቀቡ ይለብሱት ስለነበር ጥቂት ወር ሳይቆይ ደረቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ በቀለም ተሸፍኖ የማይነበብ ሆነ። «ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ቀለም ይችላል» ይሉ ነበር።

ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ዳቦ የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችን። ባልና አንዲት ትንሽ ልጅ አላት። ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነኝ። የራስ ቅልን በጣቴ አውቀዋለሁና ያበጠውን ቦታ ከማንም በፊት ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። ጣቴ ሲነካው ትከሻዋ ዘለለ።

«በር መታኝ» አለች፣ ሳልጠይቃት።

እትዬ ከወዲያ ሰምተዋል። «ይሄ በር ያለፈው ወር ደግሞ ክንድሽን መትቶ ነበር። እጅ ያለው በር ነው?»

ጎረቤታችን መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ። ልጇን ይዛ መውጣት አስባ ነበር፤ ሠርታ እንደምትኖርም አልተጠራጠረችም። የያዛት እድሩ ነው። በእኛ እድር አባልነቱ በባል ስም ነው። ባሏን ትታ የወጣች ሴት ከእድሩም ወጣች ማለት ነው፤ ባሏ የሞተባት ወይም እንደ እኔ ከእናቷ የወረሰች ካልሆነች በስተቀር ደግሞ ሴትን ለብቻዋ አይመዘግቡም።

«ነገ ብሞት ማን ይቀብረኛል እትዬ? ልጄ አንድ ነገር ብትሆን በማን ድንኳን አለቅሳለሁ?» አለች።

ይህን ለሌላ አገር ሰው ብንነግረው ይስቅብን ይሆናል። ቀባሪ አጣለሁ ብላ ከሚደበድባት ሰው ጋር የምትኖር ሴት! እኛ ግን አልሳቅንም። ማናችንም ብንሆን እንደዚያው ነበር የምናስበው።

እትዬ በዚያ ሳምንት ለእድሩ ሰብሳቢነት እወዳደራለሁ አሉ። ከተመረጡ ያቺን ደንብ ሊለውጡ ነው። የማይሆን ነገር አልነበረም። በየወሩ እሑድ ስብሰባ የምንሄደው ሴቶቹ ነን፤ ባሎቹ ይተኛሉ ወይም ኳስ ያያሉ፣ ሚስቶቻቸውን ይወክላሉ። አንድ ቤት አንድ እጅ ነው፤ የሚነሳው እጅ ግን የእኛ ነው። ምርጫው እስኪደርስ ድረስ ፀጉር ቤታችን የምርጫ ጣቢያ መሰለ። ጎረቤታችን ዳቦዋን ስታደርስልን «ስንት ሰው ሆነ?» ብላ በሹክሹክታ ትጠይቀኛለች። ልብሷን በሁለት ፌስታል አድርጋ አልጋ ሥር እንዳስቀመጠችም ነገረችኝ።

የምርጫው እሑድ ሊደርስ ሲል፣ ዓርብ ጠዋት፣ የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አረፉ። በሩን ዘግቼ ወረቀቷን ለጠፍኩ። ከሰዓት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተን ቀበርን። እትዬ ጴንጤ ስለሆኑ ከቅጥሩ ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ጠበቁን። ከቀብር መልስ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ትልቁን የእድር ድስት እንደ እሳቸው የሚችለው አልነበረም።

ሰልስቱ ያው የምርጫው እሑድ ላይ ዋለ። በዚያ ቀን እንቅልፍና ኳስ የለም፤ ወንዶቹ በሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በሙሉ ከድንኳኑ ጀርባ ጭስ ውስጥ ነን። ምርጫው ለሌላ እሑድ ይተላለፋል ብለን ማንም ሳይነግረን ሁላችንም አምነን ነበር። ሰው ሞቶ ምርጫ ማን ያስባል?

ሳህን የተደረደረበት ትሪ ይዤ ስገባ ሰብሳቢው ቆመው ይናገሩ ነበር።

«ሰው ከተሰበሰበ አይቀር፣ እንደገና ከማድከም ይቺን ምርጫ እዚሁ እንጨርሳት።»

«ሴቶቹስ ጋሼ?» አለ አንዱ።

«ባሎቻቸው አሉ አይደል? አንድ ቤት አንድ እጅ ነው።»

«የኔዋ እጅ ሽንኩርት ላይ ነው!» አለ ሌላው። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ።

«እኔ እንድቀጥል የምትደግፉ?» አሉ ሰብሳቢው፤ እጅ ተነሳ። «ሌላ ሰው የምትጠቁሙስ?» አሉ።

ድንኳኑ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ሴት የሆነ አባል እኔ ብቻ ነበርኩ። እትዬን የመጠቆም ሐሳብ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና እጄን አነሳሁ።

ሰብሳቢው አዩኝ። ፊታቸው ክፋት አልነበረበትም።

«አቤት ልጄ፣ ውሃ አልቆ ነው? ወዲህም አልደረሰም፣ እባክሽ ንገሪያቸው።»

«አይ፣ እኔ...» አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ጆሮዬ ጋለ።

«እሺ እሺ፣ ቶሎ በይ የኔ ልጅ።»

ትሪውን አንስቼ ወጣሁ። ከኋላዬ «በቃ፣ ጨርሰናል» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያም ውሃ ቀድቼ ተመለስኩና ለሁሉም አዳረስኩ። ሰብሳቢውም ጠጡ፣ መረቁኝም። እጄን ሳነሳ ያሰብኩት ብዙ ነገር ነበር፤ ያመጣሁት ግን ውሃ ነው።

ወጥ ቤት ስደርስ እትዬ ረጅሙን ማማሰያ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ጨረሱ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ምርጫውን።»

ዙሪያቸውን አዩ፣ ማማሰያውን የሚቀበላቸው ሰው ፈልገው። የሁሉም እጅ ሥራ ይዞ ነበር። ጥለውት ቢሄዱ ወጡ ያርራል፣ ሰልስቱ ይበላሻል፣ የሟች ልጆች ያፍራሉ። እትዬ ደግሞ የሰው ለቅሶ የሚያበላሹ ሴት አይደሉም። ማማሰሉን ቀጠሉ። ጎረቤታችን ትንሽ ራቅ ብላ ሽንኩርት ትልጥ ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችንም።

በኋላ አንዱ ሽማግሌ ብቅ ብለው እትዬን የዕቃ ኃላፊ አድርገው እንደመረጧቸው ነገሯቸው፤ «እንኳን ደስ ያለዎት!» ብለው።

«ድስቱማ ድሮም እጄ ላይ ነው» አሉ እትዬ።

ተንኮል ነበር እንዳልል ሰብሳቢውን ያን ቀን ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ ሟቹ አብሮ አደጋቸው ነበሩ። እንዲያውም የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ተንኮል ቢሆን እንነቃበት ነበር። ያሸነፈን ለሁላችንም ትክክል የመሰለን ነገር ነው፦ እነሱ ተቀምጠው፣ እኛ ቆመን። ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን ትልልቅ ስብሰባ ሳይ የሚናገረውን ሰው አልሰማም። ከኋላ ውሃ የምታስቀምጠውን ሴት ነው ዓይኔ የሚከተለው። እሷ ምን ልትል ነበር እላለሁ።

ጎረቤታችን ከሳምንታት በኋላ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ስለ ምርጫው አላነሳችም፤ ፌስታሎቹን ፈትታቸው እንደሆነም አልጠየቅኳት። ጣቴ አዲስ ቦታ አገኘ። «እዚያ ጋ ቀስ በይ» አለችኝ ብቻ፤ ዞርኩበትና ሠራሁላት። አሁንም እዚያው ቤት ናት። ልጅቷ አድጋለች፤ የልጅቷንም ፀጉር እሠራለሁ፣ ስሠራም ጣቴ ሳላዘው ይፈትሻል።

እትዬ አያት ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ፤ ስልካቸውም ተቀየረ። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ተሳፍሬ ሄድኩ። ወርጄ ሳይ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሰው መጠየቅ አፍሬ፣ ትንሽ ቆሜ፣ በመጣሁበት ባቡር ተመለስኩ።

በሄዱበት ቀን ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጭነን ስንጨርስ ካስኩን ለእኔ ተዉልኝ። ያን ጊዜ ነው ድንኳን ውስጥ እጄን እንዳነሳሁ የነገርኳቸው፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር። ከዚያ ከሾፌሩ ጎን ወጥተው ተቀመጡ፣ መኪናው ተነሳ። በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ጮክ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ሌላ ጊዜ ትሪውን መሬት ላይ አታስቀምጪው፤ ለአንዱ ወንድ አስይዢው!»