ቤንዚን ከጎታው ሥር

ዐረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ ከአባቴ ጋር የተጣላሁት በቤንዚን ነው። መኪና የለን፣ ባጃጅ የለን፤ በቤንዚን!

የቤቱ አባወራ አንድ ቀን ከማደያ ሲመለስ የመኪናውን ቁልፍ ወርውሮ ጮኸ። ነዳጅ ላይ ቀረጥ ተጨምሯል። እኔ ግራ ገባኝ። ከገዛ መሬታቸው እየወጣ የምን ቀረጥ ነው? ማዳምን ብጠይቃት «ሩዙ እንዳያርርብሽ» አለችኝ። የኔም አፍ አያርፍም፤ ዓርብ አገሬ፣ ግምጃ ቤት ከተማ ስደውል ለአባቴ ነገርኳቸው። ለጨዋታ ያህል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ስደውል እናቴ እያሳላት አነሳች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የአባትሽ ቤንዚን! ሽታው ራሴን ሊፈልጠው።»

«የምን ቤንዚን?»

አባቴ ስልኩን ተቀበሏት። አራት ጀሪካን ከእንጅባራ አስመጥተው ከጎታው ሥር ደርድረውታል። ጤፍ በመኸር ገዝቶ ክረምት ላይ እንደሚሸጥ ነጋዴ፣ ሲወደድ ሊያወጡት።

«አንቺ ምንጩ ላይ አይደለሽ? እዚያ ከተወደደ እዚህ እስኪደርስ ጊዜ አለን።»

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ምድጃው ከጎታው አምስት እርምጃ አይርቅም፤ እህቶቼ የሚተኙትም እዚያው ነው። አባቴ ደግሞ ከሰል አክሳይ ናቸው፤ ፍም በአካፋ ይዘው የሚገቡ ሰው።

«አባዬ፣ ዛሬውኑ ያውጡት! ቤንዚን ጤፍ ነው እንዴ? ልጆቹ ይቃጠላሉ!»

«ክዳኑን አጥብቄዋለሁ። ነቀዝ አይበላው፣ አይጥ አይደፍረው።»

ስጮህባቸው በአዊኛ መለሱልኝ፤ ሲናደዱ አማርኛው ይጠፋቸዋል። ምን ላድርግ? ባሕር ማዶ ሆኜ ጀሪካን አላነሳ።

«እንግዲያው ይስሙኝ፤ ቀረጡ ትናንት ተነሣ። ሊረክስ ነው።»

ወደ አማርኛ ተመለሱ። «እውነትሽን ነው?»

«ታዲያ እቀልዳለሁ?»

በሁለት ቀን በሃይላንድ እየቀዱ ለባጃጅ ነጂዎች ከገዙበት አሳንሰው ሸጡት። እናቴ ወለሉን በእበት ለቀለቀችው። እኔም ተገላገልኩ አልኩ።

ወር ሳይሞላ አገር ቤት ቤንዚን ተወደደ። ባጃጁ ጨመረ፣ ሚኒባሱ ጨመረ፣ የጋሪው ሰውዬ ሳይቀር ጨመረ፤ ፈረሱ ቤንዚን ይጠጣል እንዴ? አንዱ ቀረጥ ነው ይላል፣ ሌላው ዶላር ነው ይላል። የዐረቦቹ ቀረጥ ከኛ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለጨዋታ ያወራሁት ልክ ሆነ፤ አስቤ ያወራሁት ውሸት ሆነ።

አሁን ተመልሼ እንጅባራ ነው ያለሁት። አባቴ ለገበያ በመጡ ቁጥር ለሰው ያሳዩኛል፦ «ይቺ ናት ያከሰረችኝ። ያን ያህል ዘመን ነዳጅ አገር ኖራ፣ ስለ ነዳጅ ምንም አታውቅ!»

ሰዉ ይስቃል። ዋሽቼዎት ነው ልላቸው አፌ ላይ ይመጣል። ግን ካልኳቸው፣ በሚቀጥለው ወሬ ጀሪካኑ ተመልሶ እህቶቼ ራስጌ ነው። ስለዚህ «አዎ፣ አላውቅም» እላለሁ። እሱ ደግሞ ውሸት አይደለም።