«ሰላማዊ» የምትለዋ ቃል

የያዙኝ ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ስለታሰሩ ባልደረቦቼ ፌስቡክ ላይ ጽፌ ስለነበር መያዜ ብዙም አልገረመኝም። ቦርሳዬ ውስጥ የሕግ ተማሪዎቼን የማስተምርበት ጽሑፍ ነበር፤ «የጠፈር ሰላማዊ አጠቃቀም በዓለም አቀፍ ሕግ» ይላል። ጀርባው ላይ መሬትን በክብ፣ ሳተላይቶችን በነጥብ ስያለሁ። ፈታሹ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካቸው። ከዚያ ወረቀቱን ለብቻው አስቀመጠው።

የገባሁበት ክፍል ድሮ መጋዘን ነበር፤ እርጥብ ሲሚንቶና ላብ ይሸታል። እዚያ አዲስ ገቢ የተያዘበትን ጉዳይ ሳይናገር መኝታ አይሰጠውም። የእስረኞቹ አለቃ ካቦው፣ የታክሲ ሹፌር የነበሩ የፉሪ ሰው፣ «እህ፣ ምን አርገህ ነው?» አሉኝ።

«ስለ ጠፈር ሕግ የጻፍኩት ወረቀት ተገኝቶብኝ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«እንዲህ የሚባል ክስ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ወንድሜ። በሩ ጋ፣ ከሽንት ባሊው አጠገብ ተኛ።»

ጆሮ ጠቢ መስያቸዋለሁ። በቀረብኩ ቁጥር ወሬ ይቋረጣል። በማግስቱ ከሰዓት ካቦው ጠሩኝ፤ ሊፈትኑኝ መሰለኝ።

«እስቲ ንገረን፣ ጨረቃ የማን ናት?»

«የማንም። ቀድሞ የደረሰም የእኔ ናት ማለት አይችልም።»

«ባንዲራ ቢተክልስ?»

«ቢተክልም።»

«ይሄ ሕግ ፉሪ ደርሶ ቢሆን ቦታዬን ማን ይወስድብኝ ነበር?» አሉ። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ማብራሪያዬን ሳልጨርስ እራት ገባ።

በነጋታው መርማሪው የተየበውን ቃሌን ሰጠኝ። «የጠፈር አጠቃቀም ዕቅድ ይዤ ተገኝቻለሁ» ይላል።

«ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«ሰላማዊ የምትለዋ ቃል ቀርታለች።»

«አንድ ቃል ምን ይሠራልሃል?»

«እሷ ከወጣች የማስተማሪያ ወረቀት አይመስልም፤ የጦር ዕቅድ ነው የሚመስለው። ያስገቡልኝና ልፈርም።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ጨረቃ ላይ ባንዲራ መትከልስ ሰላማዊ ነው?»

በጣም ፈራሁ። ይህን ያወራሁት ክፍሉ ውስጥ ብቻ ነው። ሚስቴ ምሳ ይዛ ውጭ በሩ ላይ እንደቆመች አውቃለሁ። እስክሪብቶውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ስመለስ ካቦው «ምን ጠየቁህ?» አሉኝ።

«ስለ ባንዲራው።»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ካቦውን ነው።

«እንግዲህ አፍህን ትይዛለህ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«አይ ጋሼ፣ ትናንት ያልጨረስኩት አለ» አልኩና ቆሜ፣ ተማሪዎቼን በማስተምርበት ድምፅ ቀጠልኩ። «ሰላማዊ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ሁለቴ ደገምኳት። ወሬ አመላላሹ ማንም ይሁን ማን፣ ቢያንስ እሷን ሳያጎድል ያድርስልኝ ብዬ ነው።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሳልፈርም ለቀቁኝ። ማን እንዳወራ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁንም ሳስተምር ከኋላ ወንበር ቶሎ ቶሎ የሚጽፍ ተማሪ ካየሁ እጠረጥራለሁ፤ አፍርበታለሁ፣ ጥርጣሬው ግን አልተወኝም። እንዲያም ሆኖ ድምፄን አልቀንስም። ቃል እንዳያመልጠው ረጋ ብዬ እናገራለሁ።