ስልሳ አራት እስትንፋስ

ስልሳ አራት!

ዛሬ ጠዋት ከዲላ ወጣ ብላ ባለችው ቡሌ ውስጥ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የእህቴን የሦስት ወር ልጅ እስትንፋስ ለአንድ ደቂቃ ስትቆጥር ያገኘችው ቁጥር ነው።

ልጁ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ምድጃው አጠገብ ተኝቷል። አያለቅስም። እኔም ገና ስገባ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" ብዬ አድንቄ ነበር።

(ዲላ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ሳንባን ዐይኔን ጨፍኜ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ተማሪዎቼ፣ ይህን ባታነቡት ደስ ይለኛል።)

ሠራተኛዋ ብርድ ልብሱን ልትገልጥ ስትል የእህቴ አማት ደነገጡ። "ኧረ ልጄ፣ ብርዱ ይገድልብናል!"

"እማማ፣ ካልገለጥኩት ደረቱን አላየውም። የሳንባ ምች የሚያመጣው ጀርም ነው፤ የምድጃው ጭስ ደግሞ ያባብሰዋል። እንዲህ ትንንሽ ሲሆኑ ቶሎ ይጠቃሉ" አለቻቸው።

ከዚያ ስልኳ ላይ ሰዓት ይዛ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል በዐይኗ ብቻ ቆጠረች። ራጅ የለ፣ ማሽን የለ።

"በዚህ ዕድሜ ሃምሳ ከደረሰ ፈጣን ነው። ደረቱም ወደ ውስጥ እየገባ ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል!" አለችና የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ ክኒን በእናቱ ጡት ወተት በጥብጣ ሰጠችው።

በአንድ ደቂቃ! እስካሁን መገረሜ አልለቀቀኝም።

ይህን የምጽፈው ዲላ ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ኦክስጅን ተደርጎለታል። እኔም ተምሬ እየቆጠርኩ ነው፤ ሃምሳ ስምንት።

አሁን ነው የገባኝ። ልጁ ያላለቀሰው ጨዋ ሆኖ አይደለም፤ ለማልቀስ የሚተርፍ ትንፋሽ አጥቶ ነው።

እናንተስ? ዝም ስላለ ብቻ ደህና የመሰላችሁ ልጅ ነበር?