የእናቴ ቀይ ፊት

እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ቴሌቪዥን ላይ ታይታለች። ባለቀለም ቴሌቪዥን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ከሶዶ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ ድራማ ላይ ትንሽ ቦታ ተሰጣት። ድራማው ሲተላለፍ የሰፈሩ ሰው ጎረቤታችን ቤት ተጠቅጥቆ አየ። ፊቷ ጡብ መስሎ ብቅ ሲል ሁሉም በአንድ አፍ፣ «የአዲስ አበባ ውሃ ተስማማት! ቀይ ሆነች!» አለ። ብዙም ሳትቆይ ከአውቶቡስ ስትወርድ ግን ስትሄድ እንደነበረችው ጠይም ናት። ቅር ያላቸው አልጠፉም።

ዘንድሮ ያ ድራማ የተቀዳበትን የቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ አስገልብጬ ለልጄ አሳየኋት። አያቷ የሞተችው እሷ ሳትወለድ ነው። ቤት ያሉን ፎቶዎች ሁሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ፣ የእናቴ መልክ በቀለም የሚታየው እዚህ ብቻ ነው።

«አያቴ እንዲህ ነበረች?» አለች ልጄ።

«አዎ፣ በጣም ቀይ ነበረች እኮ!» አለች አብራን የምታየው የአባቴ እህት። እሷ እስከ ዛሬ የምታምነው ቴሌቪዥኑን ነው።

ደሜ ፈላ። ልጄ ያልነበረችን ሴት አያቴ ብላ እንድታድግ አልፈለግሁም።

ድራማውን በቀረጹት ባለሙያዎች አልፈርድም፤ እንዲያውም ያሳዝኑኛል። የዚያን ጊዜ ካሜራ ያለ ኃይለኛ መብራት በደንብ አያይም ነበር። መብራቱ ደግሞ ፊት ያነጣል፣ ላብ ያብለጨልጫል። እሱን ለመሸፈን ሜካፕ በላይ በላዩ ይለጠፋል። ሜካፑም ለሌላ አገር ሰው ቆዳ የተቀመመ ነው፤ የእናቴን ፊት ያሰበ ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ ጎረቤታችን፣ «ከለር ገዝቼ ለምን ይደበዝዛል!» እያለ የቀለሙን ቁልፍ እስከ ጫፍ ያዞረው ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጄ አስረዳኋት። ክፍል ውስጥ እንዳለች ተማሪ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላመነችኝም።

ድራማው ቀጠለ። እናቴ ማስታጠቢያ ይዛ ለእንግዳው ጎንበስ አለች፤ ካሜራውም ወደ እጇ ተጠጋ።

«አቁሚው!» ብዬ ሪሞቱን ወደያዘችው ልጄ ጮህኩ። ምስሉ እጇ ላይ ቆመ።

እጅ ላይ የሚባክን ሜካፕ አልነበረም። ጣቶቿ ረዘም ያሉ፣ ጠይም፣ ሥራ ያጠነከራቸው ናቸው። እንባዬ መጣ።

ልጄ ተነስታ ጠይም እጇን ከእናቴ እጅ ጎን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱን እጆች አስተያይታ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ» አለችኝ፣ «አያቴ እኔን ትመስላለች።»