ሳንጣላ ታረቅን

ጥሊሊ ገበያ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ታረቅሁ።

አያ ጥሩነህ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። ከገዛ ወንድማቸው ጋር በአጥር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ የሰው ጠብ ለማብረድ ግን የሚቀድማቸው የለም። ያን ቀን ድንች ስመርጥ በእኔ ዕድሜ የሚሆን እንግዳ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሰላም አላልኩትም፤ እሱም አላለኝም። አያ ጥሩነህ ከየት መጡ ሳይባል ሁለታችንንም ክንዳችንን ይዘው ጥላ ሥር አስቀመጡን።

«እግዜር የማይወደውን! ጎን ለጎን ቆማችሁ ሰላም አትባባሉም?»

«ኧረ አያ ጥሩነህ፣ እኔ ሰውየውን...»

«ዝም በል! ሽማግሌ ሲናገር ጣልቃ አይገባም። በዳዩ አንተ እንደሆንክ ፊትህ ይናገራል።»

ሰውየውም አፉን በከፈተ ቁጥር «አንተም ቂምህን ተወው!» ይሉታል። ገበያተኛው ከበበን፤ አንዲት ሴትዮማ «ምን ያህል ቢበድለው ነው!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ምን ላድርግ፣ ተነስቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። ተሳሳምን፤ እልልታው ቀለጠ። አያ ጥሩነህ ጉግስ ያሸነፈ ፈረሰኛ መስለው ተንጎማለሉ።

እንደተቃቀፍን ጆሮው ሥር «ለመሆኑ ማን ነህ?» አልኩት።

«ከአዘና ለሽምግልና ተልኬ ነው» አለኝ። «እኒህን ሰውዬ ከወንድማቸው ላስታርቅ።»