እንግዳ ካልመጣ የማይታይ ሐይቅ

ነቀምቴ አንድ ግቢ ተከራይተን አብረን ስናስተምር የነበርን ጓደኛዬ ዝውውር ተሳክቶላት ሐዋሳ ገባች። እኔ ቀረሁ። ቅጹን ያስገባነው በአንድ ቀን ነበር፤ እንዲያውም የእሷን የሞላሁላት እኔ ነኝ።

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጠይቃት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት እንከን ፍለጋ ነው። ቤቷ ከሐይቁ አሥር ደቂቃ በእግር ቢያስኬድ ነው። ፍልሰታ ስለነበር ዓሣው አለፈኝ፤ እሷ «ዓሣማ የጾም ነው» እያለች ጥብሱን ስታጣጥም እኔ ሽሮዬን በላሁ።

አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስታዘቀዝቅ አንድም እንከን አጣሁ።

«እንኳን መጣሽ» አለችኝ። «እኔ እኮ እንግዳ ካልመጣ ወደዚህ አልወጣም። ከፋሲካ ወዲህ ዛሬ ገና ነው መሰለኝ።»

በሐይቁ ብቻ ብቀና ይሻለኝ ነበር። እርር ያደረገኝ እንዳሻት ልትረሳው መቻሏ ነው።

ነቀምቴ ስመለስ ዝናቡ አላባራም። አከራዬ በር ላይ ተቀብለው «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሐዋሳ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ትንኝ ብቻ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት የዝውውር ቅጽ ልወስድ ወጣሁ።