የእንግዳዬ ነጠላ

የማስተምርበት የትምህርት ፋኩልቲ ከአንድ የኖርዌይ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመምህራን ልውውጥ ነበረው። አንድ መምህር ከዚህ ይሄዳል፣ አንድ ከዚያ ይመጣል፤ እያንዳንዱ በሌላው ቦታ ይሠራል። ዕድሉ ለእኔ የደረሰ ጊዜ በምትኬ የመጣችው ሴት ላሊበላ ያለውን የኪራይ ቤቴን፣ በየትምህርት ቤቱ ልምምድ ላይ የነበሩትን ዕጩ መምህራኔን፣ ጃንጥላዬን ሳይቀር ተረከበች። አባቴንም ጭምር።

አባቴ ብልባላ አጠገብ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ፊደል ሲያስቆጥሩ የሚሳሳትን ልጅ አይቆጡም። ጣቱን ይዘው ትክክለኛው ፊደል ላይ ያሳርፉና «እንዲህ ነው» ይላሉ፤ በቃ። እኔን ግን አይምሩኝም ነበር። «መምህርን የሚያስተምር ሰው ደግሞ ማን ያስተምረዋል?» እያሉ በሥራዬ ያሾፉብኛል። እኔም ቱግ እላለሁ፤ እሳቸውም የሚፈልጉት እሱን ነው።

እንግዳዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ እየሄደች ከልጆቹ መሀል ተቀምጣ ፊደል መቁጠር ጀመረች። እኔ እሑድ እሑድ ስደውል አባቴ ወሬያቸው ስለ እሷ ሆነ። «ልጅ ልኬ ልጅ አገኘሁ» አሉኝ አንድ ቀን። «ጎበዝ ናት። ጰ ላይ ብቻ ትንፋሿ ያልቅባታል።» ቅናት ቢጤ ሸንቆጥ አደረገኝ፤ ደስም አለኝ።

ሁዳዴ እንደገባ በአንዱ እሑድ ስልኩን ታላቅ ወንድሜ አነሳው። «አባባ ሱባዔ ገብተዋል፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ናቸው። ስልክ አልያዙም» አለኝ። ምን ይገርማል? በየዓመቱ ይገባሉ፤ እስከ ፋሲካም አይወጡም። በርቱ በልልኝ ብዬ ዘጋሁ። በዚያው ሳምንት የዩኒቨርሲቲው ዕጩ መምህራን የሚለማመዱበት ትምህርት ቤት የባህል ቀን ነበረው። የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ለኖርዌይ ሕፃናት እስክስታ መታሁላቸው፤ ትከሻዬ እስኪዝል። ቪዲዮውን ለወንድሜ ላክሁለት። «ጎሽ» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ምንም አልጻፈም፤ እኔም ቁጥብነቱን ስለማውቅ አልከፋኝም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሁለቱ ፋኩልቲዎች በስክሪን የጋራ ስብሰባ አደረጉ። እዚያ ማዶ ባልደረቦቼ በአዳራሻችን ተደርድረዋል፤ እዚህ እኔ ከኖርዌዮቹ ጋር ነኝ። እንግዳዬ ከፊት ተቀምጣለች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፣ ጥለቱ ግን ወደ ላይ ዞሮ አንገቷ ሥር ተጠምጥሟል። ሳቄ መጣ።

«ኧረ ነጠላሽን እንዲያ አትልበሺ! ይሄ እኮ የለቅሶ ነው። ጥለቱን ወደ ታች አድርጊው» አልኳት በሁሉም ፊት። አስተማሪ አይደለሁ? ወደ ኖርዌዮቹም ዞሬ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ ማብራራት ያዝሁ። በጥሞና አዳመጡኝ። ባልደረቦቼ ለወትሮው በትንሽ በትልቁ የሚስቁ ናቸው፤ ያን ቀን ግን አንድም ሰው አልሳቀም። የፋኩልቲያችን ዲን ጠረጴዛውን ያያሉ። ኔትወርኩ የቆመ መሰለኝ። እንግዳዬ ነጠላዋን በቀስታ አወረደችና አዙራ ለበሰችው።

«አመሰግናለሁ» አለች። «አላወቅሁም ነበር።»

ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ብልባላ ኔትወርክ የለም ተባልኩ። እሱንም አመንሁ። ወደ አገሬ ስመለስ ለአባቴ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዤላቸው ነበር፤ ማሕሌት ሲቆሙ እግራቸውን ይበርዳቸዋል። ወንድሜ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለኝ። አቅፎኝ ቶሎ አልለቀቀኝም። «ዛሬ ደክሞሻል፤ ነገ እንሄዳለን» አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የቤቴ በር ተንኳኳ። ከፈትሁ። አጎቴ፣ የአባቴ እህት፣ ጎረቤቶች፣ ዲኑ ሳይቀሩ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገር ያውቃል። እኔም አወቅሁ። ግን «ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው» እያልሁ ወንበር እፈልግ ጀመር። አንድ ወንበር ከፍ አድርጌ እንደያዝሁ አጎቴ ከእጄ ተቀበለኝ።

«ጠንከር በይ፣ ልጄ» አለኝ።

የጮኽሁትን ጩኸት እስካሁን እፈራዋለሁ።

ኋላ ሁሉንም ነገሩኝ። አባቴ ለአጭር ጊዜ ታመው ያረፉት ያን ሱባዔ ገቡ በተባለበት ሳምንት ነው። የእስክስታዬን ቪዲዮ ወንድሜ የከፈተው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነው። «ጎሽ» ያለኝ ከዚያ ነው። ወንድሜን አንገቱን ልይዘው ቃጣኝ። «ሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ? ማን ይይዝሻል? ማን ያስለቅስሻል?» አለኝ እንባውን እየጠረገ። እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ቢሆንም ተቆጥቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ተቆጥቻለሁ። አባቴን አፈር ሲያለብሱ እኔ እየጨፈርሁ ነበር።

የአባቴ እህት ደግሞ ስለ እንግዳዬ አጫወተችኝ። ቀብር ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆማ፣ የሚያለቅሱትን የፊደል ልጆች አቅፋ አልቅሳለች። ለእኔ እንዳትነግረኝ ሲሏት መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፤ «አባቷ እኮ ናቸው፣ እንዴት እዋሻታለሁ?» ብላ። ነጠላውን በሐዘን ወግ ያለበሰቻት ራሷ አክስቴ ናት። እስከ አርባቸው ሳታዞረው ለብሳዋለች። ከዚያ ስብሰባ በቀር። ስብሰባው እንዳለቀም ወጥታ፣ አዳራሹ ጥግ ቆማ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ መልሳዋለች።

እንግዳዬ እኔ ልመጣ ስል ቤቴን ለቃ ሆቴል ገብታ ነበር። ረፋድ ላይ መጣች። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ስገባ ስወጣ፣ በዚያ ድንጋጤ፣ ነጠላዬን ከመስቀያው እንዳገኘሁት ነው የደረብሁት፤ ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ፣ ለበዓል እንደሚለበሰው። ከዘመዶቼ ማንም ልብ አላለውም፤ ወይም ሊነግረኝ አልደፈረም።

እሷ አየችው። ከተቀመጥሁበት ፊቴ መጥታ በርከክ አለች። ነጠላዬን ከትከሻዬ አነሳችና ገለበጠችው፤ ጥለቱን አንገቴ ሥር አደረገችው፣ ጫፉንም በጣቷ አስተካከለች።

«እንዲህ ነው» አለችኝ በአማርኛ፣ በአባቴ አነጋገር።